የተጠራችው

ኢኒስፌይል ዝናብ ነው፤ ከሸንኮራው ማሳ እንፋሎት ይወጣል፣
የስኳር ፋብሪካው ጭስ ከደመናው ጋራ ተቃቅፎ ይውላል።
በኑንዚዮ ግቢ፣ ከማንጎው ዛፍ ጥላ፣
ነጭ መኪና ቆማለች፣ ዕድሜዋን ደብቃ፣ ታጥባ ተወልውላ።

“የአጋታ ነበረች” አለኝ ቁልፉን ሰጥቶ፣
“እሷን እግዜር ጠራት፤ ሦስት ዓመት ሞላት።” ዝም አለ አንገት ደፍቶ።

ጎማውን በእግሬ መታሁ፤ ሰው ሁሉ እንደሚመታ፣
ምን እንደሚነግረው ሳያውቅ፣ ከልማድ፣ በይሉኝታ።
ኮፈኑን ከፈትኩት፤ ዘይቱ ንጹሕ ነው። ሞተሯም ሲነሣ
ያንኮራፋል እንጂ እንደ ጠገበ ድመት፣ የት አውቆ ሲያገሣ።
የእህቴ ልጅ ማርኒ አጠገቤ ቆማ
ገና ሳትነዳት በልቧ ገዝታለች፣ ስም ሁሉ ሰይማ።
ታውንስቪል ልትሄድ ነው፣ ለነርስነት ትምህርት፣
ያን ጎርፍ የሚያቋርጠው ረጅም ጎዳና፣ ብቻዋን፣ በሌሊት።

በፊት መስታወቷ ግርጌ፣ በውስጥ በኩል፣ ሻንሲ ቁጥሯ አለ፤
አሥራ ሰባት ምልክት፣ እንደ ወታደር የተሰለፈ።
ጎንበስ ብዬ ገለበጥኩት በትንባሆ ወረቀት ጀርባ፤
ያ ነው የእሷ አሻራ፣ ሳሙና የማያስለቅቀው፣ የማይሸፍነው ቀለም ቢቀባ።

ለኩባንያው ደወልኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ
ልጅቷ ከወዲያ “‘ቢ’ ነው? ‘ዲ’ ነው?” ትላለች፣ እየጮኽኩ ሳነብ።

ያገለገለ ዕቃ ስትገዛ የምትጠይቀው ሁለት ነገር ነው።
አንዱ ሹክሹክታ፤ ሠሪው ለጠጋኙ የሚልከው ማስታወሻ፦
“ይህ ካምቢዮ ሁለተኛ ላይ ያንገራግራል፤
ደንበኛው ከጮኸ ቀይርለት።”
ካልጮኸስ? እሱን አይጽፉትም።
ሌላው ግን ጥሪ ነው፤ በስም፣ በአድራሻ፣ በአዋጅ፦
“መልሷት። ጥፋቱ የኛ ነው። ሒሳብ የለውም።”

ልጅቷ ተመለሰች። “ማስታወሻው ሁለት ነው፤
የበሩ ላስቲክና ካምቢዮው፤ ቀላል ነው።
ጥሪው ግን…” ዝም አለች። “ጥሪው አራት ጊዜ ተልኳል፤
አቤት ያለ የለም። ኤርባጓ ይቀየር ተብሏል።”

ከመሪው መሐል ላይ ነፍስ ሊያድን የታጠፈው ከረጢት፣
የሚነፋው ባሩድ፣ እንዲህ ባለ ሙቀት፣ እንዲህ ባለ እርጥበት፣
እንደ ሰው አይደለም፤ ሲያረጅ አይደክምም፤ ይከፋል፤
ትንሽ ግጭት ቢነካው ብረቱን ሰንጥቆ ፊትህ ላይ ይተፋል።

ኑንዚዮ ሰማኝ። ቤት ገባና፣ ከብስኩት ቆርቆሮ
አራት ደብዳቤ አወጣ፤ አንዱም ያልተቀደደ፣ ባንድ ላስቲክ ታስሮ።
“የሷ ስም ነው” አለኝ። “በትዳር ሃምሳ ዓመት
የሷን ደብዳቤ ከፍቼ አላውቅም። ከሞተች በኋላ ደግሞ እንዴት?”

ሁለቱም ተጠሩ፣ ሚስትና መኪና፤
አንዷ “አቤት” ብላ ሄደች፤ አንዷ ማንጎው ሥር ቀረች፣ ጆሮ የላትምና።

“እሑድ እሑድ” አለ፣ “መቃብሯ ድረስ የምነዳው ይችኑ ነው።”
እጆቹን አየሁ፤ መሪ የያዙ ይመስል፣ አየር ጨብጠው ነው።

ልዋሽ አልፈልግም። በዚያች ቅጽበት እንኳ አንዱ ጆሮዬ ላይ
“አሁን ነው ዋጋ መስበር!” ያለኝ ነበረ፣ የደላላ ሰይጣን መሳይ።
አልሰማሁትም ማለት ይከብደኛል፤ ግማሹን ሰምቻለሁ፤
“ለጎማዎቹ” ብዬ ሁለት መቶ ዶላር አስቀንሻለሁ።

ቁልፉን ግን ማርኒ ያን ቀን አላገኘችም። በጭነት መኪና ጭነን
ሰኞ ጠዋት ወሰድናት፣ እኔና ኑንዚዮ ጋቢና ውስጥ ተጣበን።
መካኒኩ አርባ ደቂቃ ፈጀ። ሒሳቡ? ባዶ ወረቀት።
አሮጌውን ከረጢት ሣጥን ውስጥ ከተተው፣ እንደ እባብ፣ በጥንቃቄ፣ ከርቀት።

ኑንዚዮ እዚያው አግዳሚ ላይ ፖስታዎቹን ከፈተ፣ አራቱንም በተራ፤
ያው አንድ ቃል ናቸው። ግን ሁሉን አነበበ፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ፣ ስሟን እየጠራ።